የብርድ ልብስ ተራዋ ሳይረን ለምን ዝም አለች

ሱቄን ከዘጋሁ ወዲህ «ሰይድ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል» የሚል ካለ መጥቶ ስልኬን ይያዝልኝ። ገና ዓይኔን ሳልገልጥ ይጀምራል። «ጋሽ ሰይድ፣ ፎቶ ልኬልዎታለሁ፤ ይቺ ምንድን ናት?» ምናለሽ ተራ ያሉት የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴዎች ናቸው። ድሮ ሳይረን እጃቸው ሲገባ መዳቡን ጎልጉለው ቀፎውን ለአቅላጭ ይሸጡ የነበሩ ሰዎች፣ ዛሬ አሮጌ ዕቃ ግድግዳ ላይ መስቀል የሚወድ ካፌ ስለበዛ ጌጥ አቅራቢ ሆነዋል። ካፌው ደግሞ «የት ነበረች? ምን ትሠራ ነበር?» ብሎ ይጠይቃላ! ያኔ ሰይድ ትዝ ይላቸዋል። በቀደም አንዱ የትምህርት ቤት ደወል ፎቶ ልኮ «የእሳት አደጋ ናት አይደል?» አለኝ። «አዎ፣ ልጆቹ ለዕረፍት ሲወጡ የሚነሳውን እሳት የምታስታውቅ ናት» አልኩት። አመስግኖኝ ዘጋ። ለካፌው ምን ብሎ እንደነገረ አላህ ይወቀው።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ሞተር በመጠምጠም ነው። የተቃጠለ ሞተር ይመጣል፣ የነደደውን ሽቦ አውጥቼ አዲስ መዳብ አለብሰዋለሁ። የወፍጮ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የእንጨት መሰንጠቂያ፤ እንጀራዬ እሱ ነበር። ሳይረን ግን ፍቅሬ ናት። ይህን ፍቅር ያስያዙኝ ጋሽ ነስሩ ናቸው፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በእሳቸው ምክንያት፣ በእሳቸውም ፈቃድ ነው። ጋሽ ነስሩ ዛሬም በሕይወት አሉ፣ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን መርካቶ ውስጥ ስማቸው ሲነሳ «ያ ሳይረኑ የተቃጠለበት ሰውዬ» ነበር የሚባሉት። በእሳት ቀን ሳይረናቸው መሐል ላይ ዝም ብላ ሰው ተጎድቷል። ያቺን ሞተር አብሬአቸው የጠመጠምኩ እኔ ነኝ፤ ተቃጠለች ሲሉኝ አምኜ አላውቅም። ሞተሯን ከፍቼ ሳላይ፣ የእሳቸውም ስም ሳይጸዳ እንዳይሞቱብኝ ስፈራ ኖሬአለሁ።

ከወሎ መጥቼ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ነው። አለቃዬ ከ«ቶሎ በል» ሌላ ቃል አያውቅም። ደሞዟ ለምሳና ለቤት ኪራይ ትበቃለች፤ ከዚያ ወዲያ አትጠይቁኝ። አንድ ቀን ኩሽኔታ፣ ያው ዘንጉን አቅፎ የሚያሽከረክረውን የብረት ቀለበት፣ በመዶሻ እየቀጠቀጥኩ ሳስገባ ከበር ላይ «ምን አድርጋህ ነው እንዲህ የምትደበድባት?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል አጠር ያሉ፣ ኮፊያቸውን ወደ ኋላ ገፋ ያደረጉ ሰው ቆመዋል። ጋሽ ነስሩ ነበሩ። የኩሽኔታ መንቀያ ሊዋሱ መጥተው እኔን ይዘው ሄዱ። አለቃዬም አልቆጨው፤ በማግሥቱ ሳልፍ ሌላ ሰው ላይ «ቶሎ በል» ሲል ሰምቼዋለሁ።

ምናለሽ ተራ ጋሽ ነስሩ ሱቅ በገባሁ ሰሞን ነው የወናፏ ጉድ የደረሰው። አንድ ብረት ቀጥቃጭ ከቁራሌው የገዛውን ነገር ታቅፎ መጣ። ክብ ቀፎ አላት፣ ውስጧ የሚዞር ከበሮ፣ ከኋላዋ ሞተር። «የኤሌክትሪክ ወናፍ አገኘሁ፤ ሞተሯን እዩልኝና ከሰሌን ታንቦግቡግልኝ» አለ። ጋሽ ነስሩ አልነበሩም። እኔ አዋቂው ሽቦዋን አየት አደረግኩና «ደህና ናት» ብዬ ሰካኋት። ያ አላህ! መጀመሪያ አጉረመረመች፣ ከዚያ ድምጿ እየቀጠነ ወጣ፣ ወጣ፣ ጆሮ የሚበጥስ ሆነ። መርካቶ ውስጥ ሰው ከሌባ ይልቅ የሚፈራው እሳትን ነው። አፍታ ሳይቆይ ነጋዴው ዕቃውን ወደ ውጭ ይወረውር ጀመር፣ ተሸካሚው የተሸከመውን ጥሎ ሮጠ፣ ቀጥቃጩ ጆሮውን ይዞ «አጥፋት! አጥፋት!» ይለኛል። እኔ እቴ! እጄ ደርቆ ቀረ። ጋሽ ነስሩ ከየት መጡ ሳልል ደርሰው ሶኬቱን ነቀሉት። አልተቆጡኝም። ውጭ ወጥተው «አለቀ! ምንም የለም፣ አለቀ!» እያሉ በየሱቁ ዞሩ።

ሲመለሱ አጠገቧ አስቀመጡኝ። «ወናፍ አየሩን ገፍቶ ይለቃል» አሉኝ። «ይቺን እያት። ከበሮዋም መስኮት አለው፣ ቀፎዋም መስኮት አለው። ሲዞር መስኮት ከመስኮት ይገጥማል፣ ይዘጋል፣ ደግሞ ይገጥማል። አየሩን ትቆራርጠዋለች፤ ጩኸቱ እሱ ነው። መስኮቱ ጥቂት ከሆነ ድምጿ ወፍራም ነው፣ ሩቅ ይሄዳል። ብዙ ከሆነ ቀጭን ነው፤ ለአንድ ግቢ ትሆናለች።» ያን ቀን ነው ሥራውን የወደድኩት። ቀጥቃጩም ወናፉን አጥቶ፣ የሰፈሩን ስድብ ጠግቦ ሄደ።

ጋሽ ነስሩ ሳይረን ስትመጣላቸው መፍቻ አያነሱም። ሻይ ያዝዙና ፊት ለፊቷ ተቀምጠው «እሜቴን እናናግራት» ይላሉ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ዝም ብለው ያዩአታል። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ቀለሟን ይፍቃሉ። ከቀዩ ሥር ግራጫ ከወጣ «ፋብሪካ ነበረች፤ ሠራተኛ ስታስገባና ስታስወጣ የኖረች ናት» ይላሉ። ከግራጫው ሥር ጥቀርሻ ካገኙ የጭስ ማውጫ ጎረቤት እንደነበረች ያውቃሉ። ስሟ የተጻፈበት የናስ ታርጋ አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ቁራሌው ቀድሞ ነቅሎ ይሸጠዋል። እሳቸው ታርጋው የነበረበትን የቡሎን ቀዳዳ አይተው የየት አገር ሥራ እንደሆነች ይገምታሉ፤ ሲገምቱም ብዙ ጊዜ ያገኙታል፣ አንዳንዴም ይስታሉ፣ ሲስቱ ደግሞ በራሳቸው ይስቃሉ። ቀጥለው ከበሮዋን በጣታቸው ሽክርክር አድርገው ጆሯቸውን ይደግናሉ። የሚሰሙት አዟዟሯን አይደለም፤ ስትቆም እንዴት እንደምትቆም ነው። በመጨረሻ ሞተሯን፣ ሽቦው የተቀባውን ቫርኒሽ፣ ያሸታሉ። «የተቃጠለ ቫርኒሽ እድሜ ልኩን ይሸታል» ይሉ ነበር፤ እውነታቸውን ነው።

አንዴ ሽቦም ሞተርም የሌላት ደወል መጣች። ሁላችንም ተደናገርን። አንዱ ጠምጣሚ «ሆዷን ሰርቀዋታል» ብሎ ፈረደ። ጋሽ ነስሩ ከኋላዋ ያለውን የቧንቧ ማስገቢያ ጥርስ አሳዩን፤ ለካ ውሃ ሲያልፍባት የምትደውል ናት። የእሳት ማጥፊያው ውሃ ሲከፈት ውሃው ራሱ መዶሻዋን ያዞረዋል። መብራት ቢኖር ባይኖር ጉዳይዋ አይደለም። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል፣ ትንሽም ያንገበግበኛል፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ላይ ይገባችኋል።

ጥምጥም ሲጨርሱ የሽቦውን ጫፎች የሚያስሩት በሰማያዊ ሲባጎ ነው፤ ሁለት ቋጠሮ፣ ጅራቱ ወደ ውስጥ የተቀበረ። የገበያው ጠምጣሚ ሁሉ ነጭ ክር ነው የሚጠቀመው። «ለምን ሰማያዊ፣ ጋሼ?» ብላቸው «እናቴ ጆንያ የምትሰፋው በሱ ነበር» አሉኝ። ሌላ ሚስጥር የለውም።

ሙከራ ላይ ደግሞ ሥርዓት አላቸው። ሳይረን ከመሰካታቸው በፊት ራሳቸው ሱቅ ለሱቅ ዞረው «ሙከራ ነው፣ እንዳትደነግጡ» ይላሉ፤ ሰው ልከው አያውቁም። ጮኻ ስታበቃም እንደገና ወጥተው «አለቀ!» ሳይሉ ሻያቸውን አይነኩም። «ጩኸት የጀመረ ሰው መጨረሻውንም መናገር አለበት፤ አለዚያ ሰው ልቡ ተንጠልጥሎ ይውላል» ይሉኝ ነበር።

ሥራቸው ሲታወቅ የብርድ ልብስ ተራ ነጋዴዎች መጡ። ሱቆቹ የተጣበቁ፣ ብርድ ልብሱ እስከ ጣሪያ የተቆለለ፣ በቀንም አምፖል ካልበራ የማይታይ ነበር። ለእሳት የምታስጠነቅቅ ሳይረን ፈለጉ። መሪያቸው እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ ጅምላ አከፋፋይ፣ ድምፃቸው ተራውን ሁሉ የሚገዛ። «ስማ ነስሩ» አሉ፣ «እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ካልተሰማች አልቀበልህም።» «ካንቺ ድምፅ ካላነሰች ትሰማለች» አሏቸው ጋሽ ነስሩ። ሳቁ። ያኔ ወዳጆች ነበሩ፤ ለዒድ የሚጠያየቁ።

መስኮቷ ጥቂት የሆነ፣ ድምጿ ወፍራም፣ ቀፎዋ ከባድ አንዲት ሳይረን አገኘን። ሞተሯን እንደ አዲስ ጠመጠምናት። እኔ ሽቦ አቀብላለሁ፣ እሳቸው ያስገባሉ። ጣሪያ ላይ ሰቀልናት፣ መስመሩን ከተራው መብራት ሳቡ፣ የምትጮኽበትን ቁልፍ የተራው ዘበኛ ጋሽ ደምሴ ጎጆ ውስጥ አደረጉ። የሙከራው ቀን እትዬ ዘይነባ እኔን ድልድዩ ላይ አቆሙኝ። የታክሲው ጥሩንባ፣ የረዳቱ ጥሪ፣ የነጋዴው ጩኸት መሐል ቆሜ ሰማኋት። እየሮጥኩ መጥቼ «ተሰምታለች!» ስል እትዬ ዘይነባ እልል አሉ። ጋሽ ነስሩ «አለቀ!» እያሉ ዞሩ። ከዚያ ወዲህ የተራው ሰው አንድ ነገር ለመደ፤ ስትጮኽ ይወጣል፣ ዝም ስትል ይመለሳል።

ከዚያ እኔ ከአዲስ አበባ ውጭ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥሬ ሄድኩ። አለቃዬ «ማሽን ቆመ» የሚል ቃል ሲሰማ በላብ የሚጠመቅ ደግ ሰው ነበር። እሳቱ የተነሳው እዚያ ሳለሁ ነው። የሆነውን የነገሩኝ የነበሩበት ሰዎች ናቸው። ከሰዓት በኋላ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ጭስ ታየ። ጋሽ ደምሴ ቁልፏን ተጫኑ፣ ሳይረኗ ጮኸች፣ ሰው ሁሉ ወጣ። ትንሽ እንደቆየች መሐል ላይ ዝም አለች። ሰው «ጠፋ፣ ጠፋ» እየተባባለ ተመለሰ። እትዬ ዘይነባም ዕቃቸውን ሊያዩ ሱቃቸው ገቡ። እሳቱ በጀርባ በኩል መጣባቸው። ጋሽ ደምሴ ጨለማውንና ጭሱን ጥሰው ገብተው ጎትተው አወጧቸው። ነፍሳቸው ተረፈ፤ እጆቻቸው ግን ነደዱ። የግራ እጃቸው ጣቶች እስከ ዛሬ አይዘረጉም።

ነጋዴው ሁሉ ጋሽ ነስሩ ሱቅ ሄዶ «ምን ሆና ነው ዝም ያለችው?» አላቸው። «ሞተሯ ተቃጥላ ነው» አሉ፣ በገዛ አንደበታቸው። ነጋዴዎቹ በንዴት አውርደው ለቁራሌው ሰጧት። እትዬ ዘይነባ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ጋሽ ነስሩን ሰላም ብለዋቸው አያውቁም። በአንድ መንገድ ያልፋሉ፣ በአንድ ለቅሶ ይቀመጣሉ፣ ፊታቸውን ያዞራሉ። ለጋሽ ደምሴ ግን ዒድ በመጣ ቁጥር ሙክት ይልካሉ፤ «ወንድሜ» ነው የሚሏቸው። ጋሽ ነስሩ ከዚያ ወዲያ ሳይረን የሚባል አልነኩም። የመጣውን ሁሉ ወደ እኔ ይልኩታል፤ እኔም ከፋብሪካው ተመልሼ ሱቅ ከፍቼ ነበርና በሳይረን አዋቂነት ስሜ ገነነ። የእሳቸውን ቦታ እንደ ወሰድኩ ያህል ይሰማኝ ነበር። አንዴ ደፍሬ «ጋሼ፣ ያቺ ሞተር እኮ አትቃጠልም ነበር» አልኳቸው። «ተቃጠለች አልኩህ! ሥራህን ሥራ!» ብለው ጮኹብኝ። በሕይወታቸው የተቆጡኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ዓመታቱ ሄዱ። ጋሽ ደምሴ ታመው አረፉ። የኔም ዓይን ቀጭን ሽቦ አላይ አለኝና ሱቄን ዘጋሁ። በቅርቡ ግን ሙባረክ የሚባል ብረት ነጋዴ ደወለልኝ። ከፈረሰ መጋዘን ጣሪያ ሥር የወጣች ሳይረን አለች፣ ካፌ ፈልጓታል፣ ምን እንደሆነች ይንገሩኝ አለ። ፎቶዋን ሳይ አወቅኳት። ለማስመሰል «እንጃ፣ መጥቼ ልያት» አልኩት። ሄድኩ። በጥፍሬ ፋቅኩ፤ ቀይ፣ ከሥሩ ግራጫ። መስኮቶቿ ጥቂት። ያኔ ስንሰቅላት መሰላሉ ላይ ወድቃ የተቀነጠሰችበት ከንፈሯ እንኳ አልተለወጠም። «ሙባረክ፣ ካፌህ ሌላ ጌጥ ይፈልግ» ብዬ በጋሪ አስጭኜ ቤቴ ወሰድኳት።

ሞርሳ ላይ አስሬ የሞተሯን ክዳን ፈታሁ። ሰማያዊው ሲባጎ እንዳለ ነው፤ ሁለት ቋጠሮ፣ ጅራቱ ወደ ውስጥ። መዳቡ እንዳቀበልኩት ያበራል፤ ቁራሌው ሳይጎለጉላት እንዲሁ ለመጋዘኑ ሸጧት ኖሯል። አፍንጫዬን ደግኜ አሸተትኩ፤ አቧራና ያረጀ ቫርኒሽ ብቻ። ያልተቃጠለች! ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ እንደ እብድ ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ክፍቷን ጋሽ ነስሩ ቤት ይዣት ሄድኩ። ዛሬ ጆሯቸው ብዙ አይሰማም፣ የሳይረን ዕዳ ነው፤ ስለዚህ ጮኽ ብዬ «ጋሼ! አልተቃጠለችም!» አልኳቸው። ሲባጎዋን በጣታቸው ዳበሷት። ከዚያ ነገሩኝ። በእሳቱ ማግሥት ጋሽ ደምሴ እያለቀሱ ሱቃቸው መጥተው ነበር።

«"እሳቱ በሽቦ እንዳይዛመት ዋናውን ማጥፊያ አጠፋሁ፤ ሳይረኗም አብራ ትጠፋለች አላልኩም" አለኝ። ትክክል ነው ያደረገው። ዘይነባ ደግሞ ሆስፒታል ተኝታ "ደምሴ ወንድሜ" ትላለች። ምን ልበል? ገበያው ቢሰማ ይቦጫጭቀው ነበር። ደግሞ መስመሯን ለብቻ መሳብ የነበረብኝ እኔ ነኝ። የጠመጠምኩትን ሞተር አሥር ጊዜ አየሁ፣ የሰካሁበትን አላየሁም። ጥፋቱ የኔ ከሆነ፣ ሞተር ተቃጠለ ብል ምን ቀረብኝ?»

«ስምዎ ነዋ የቀረብዎት!» አልኩ፤ ጆሯቸው ስለማይሰማ አይደለም የጮኽኩት።

«ደምሴ ሞቷል። ሙት አልወቅስም። ዝጋት» አሉኝ። ለማንም እንዳልናገርም አስማሉኝ።

እኔ ምዬ አፌን ዘጋሁ። የሙባረክን አፍ ግን ማን ይዘጋዋል? የብርድ ልብስ ተራ ሳይረን ተገኘች ብሎ ለመርካቶ ሁሉ አዳርሶ ኖሯል። ወደ ቤቴ መልሻት ገና ክዳኗን ሳልገጥም እትዬ ዘይነባ ደጄ ላይ ቆሙ። አርጅተዋል፣ ድምፃቸው ግን ያው ነው።

«ያቺ ናት?» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

ተጠግተው አጎንብሰው አሸተቷት። የእሳትን ሽታ ለእሳቸው ማን ያስተምራቸዋል? ቀና ብለው አዩኝ።

«ይቺ አልነደደችም።»

«እንጃ፣ እትዬ።»

«ምን እንጃ ትለኛለህ! ዕድሜህን ሞተር ስትጠመጥም ኖረህ? ታዲያ ምን ሆና ዝም አለች?»

ክዳኗን ለማንሳት አጎነበስኩ። እሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አሰቡ። «ስገባ ሱቁ ጨለማ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ውጭ ቆሜ ሳለሁ፣ ድምጿ ሲቋረጥ የሱቄም አምፖል አብሮ ድርግም ሲል አይቼ ነበር። እስከ ዛሬ ሳይረኗ ነድዳ መብራቱን ይዛው ሄደች ብዬ ነው የማስበው። ካልነደደች... ዋናው ማጥፊያ ደምሴ ጎጆ አጠገብ ነበር።»

እኔ አልተናገርኩም፣ ወላሂ። ተነሥተው ወጡ። ወዴት እንደሚሄዱ ገብቶኝ ክዳኗን ገጥሜ፣ ሳይረኗን ጋሪ ላይ ጭኜ ተከተልኳቸው።

ስደርስ እትዬ ዘይነባ የጋሽ ነስሩ ግቢ መሐል ቆመዋል። «ደምሴ ማጥፊያውን ባያጠፋው ተራው በሙሉ ይነድ ነበር!» ይላሉ። «ይህን ብትነግረኝ ደምሴን የምጠላ መስሎህ ነው? እንዲህ ነው የምታውቀኝ? ይኼን ሁሉ ዘመን የአላህን ሰላምታ ስነፍግህ ዝም ብለህ ታየኛለህ? ወንጀሉን እኮ ለኔ አስታቀፍከኝ!»

ጋሽ ነስሩ ወደኔ ዞሩ። «አልነገርኳቸውም» አልኩ በእጄ ጭምር። አንገታቸውን ደፉ።

«ፈርቼ ነው» አሉ። «ለሱም ፈርቼ፣ ላንቺም ፈርቼ። መስመሩ የኔ ጥፋት ነው፣ ዘይነባ። እጅሽን ባየሁ ቁጥር አስታውሳለሁ። አፉ በይኝ።»

«አፉ ብያለሁ። አንተም አፉ በለኝ።»

«አፉ።»

ሁለቱም አለቀሱ። እኔም የጋሪውን ገመድ የምፈታ መስዬ ዞርኩ። ከዚያ ጋሽ ነስሩ ዓይናቸውን ጠርገው ሳይረኗን አይተው «ትጮኻለች?» አሉኝ።

«ትጮኻለች እንጂ!»

«ለጎረቤት ሳትነግር እንዳትሰካ።»

ግቢ ለግቢ ዞሬ «ሙከራ ነው፣ እንዳትደነግጡ» አልኩ። ስመለስ ወንበር ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ቀፎዋ ላይ አድርገው ይጠብቁኛል። ሰካኋት። አጉረመረመች፣ ወጣች፣ ያ ወፍራም ድምጿ ቆርቆሮውን ሁሉ አንቀጠቀጠው። ጋሽ ነስሩ ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው ሰሟት። ነቀልኳት። እየወረደች፣ እየወረደች ሄዳ ቆመች።

ሥርዓቱን መፈጸም ነበረባቸው። ሊነሱ ሞከሩ፣ ጉልበታቸው እምቢ አለ፤ ሊጣሩ ሞከሩ፣ ድምፃቸው ተሰበረ። እትዬ ዘይነባ ትከሻቸውን ነካ አድርገው አስቀመጧቸውና እስከ በሩ ሄዱ። የማይዘረጉትን ጣቶቻቸውን አፋቸው አጠገብ አድርገው ተጣሩ።

«አለቀ! ምንም የለም፣ አለቀ!»

እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሳይሰማ አይቀርም።